ከክፉው ማሳ የተለቀመ ዘር

ሴትዮዋ አፈር ትቀምሳለች ብዬ ብጀምር ተረት ይመስላችኋል። ተረት አይደለም። ጎንበስ ትልና በሁለት ጣቷ ቆንጠር አድርጋ ምላሷ ላይ ጣል ታደርጋለች፤ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ትንሽ ትቆያለች፤ ከዚያ እንትፍ ትልና «ይሄ ስንዴ ይይዛል» ወይም «ይሄ ዘንድሮ አይሞከርም» ትላለች። ሰፈሩ «እትዬ ቀማሽ» እያለ የሚጠራት ለዚህ ነው። ባሏ መካኒኩ መጀመሪያ ያያት ቀን ክው ብሎ ነበር የቀረው። «እንዴ! ቤት ውስጥ የሚበላ ጠፋ እንዴ?» አላት። እሷም አፏን በውሃ ተጉመጥምጣ፣ «አንተ ሞተር ሲታመም ጆሮህን ትደቅንበት የለ? እኔም ምላሴን ነው የምደቅነው» አለችው።

የሚኖሩት የመስኖው ቦይ ከሚያልቅበት፣ «የታችኛው ማሳ» ከሚባለው ቦታ ነው። አሥራ ዘጠኝ አባወራ ያርሰዋል። የቦይ መጨረሻ መሆን ማለት ወገኖቼ፣ ድስቱ ከተጠረገ በኋላ ማዕድ መቅረብ ማለት ነው። ላይኞቹ ንጹሑን ውሃ ያጠጣሉ፣ የማሳቸውን ጨው አጥበው ወደ ታች ይሰዳሉ። ታች ደርሶ ውሃው ይደርቃል፣ ጨው ይቀራል። ከዓመት ዓመት መሬቱ ነጭ ቅርፊት አበጀ፤ ጠዋት ለሚያየው ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ቡቃያው ብቅ ይላል፣ ጫፉ ይቃጠላል፣ ይሞታል። ታዲያ ሰዉ ምን አደረገ? «ያበላሸን ውሃው ነው» ብሎ ጥቂት ጥቂቱን፣ ቶሎ ቶሎ ያጠጣ ጀመር። አይ የሰው ነገር! ጥቂት ውሃ ጨውን አጥቦ አይወስድም፤ ይባስ ብሎ ከሥር ያለውን ጎትቶ ያወጣዋል። ሰዎቹ በገዛ እጃቸው ጨዉን ሲያወጡት ከረሙ።

ቀማሽ ይህን ያወቀችው ኮሌጅ ገብታ አይደለም። ጠዋት ጠዋት የእርሻ ጽሕፈት ቤቱን ታጸዳለች፣ ከሰዓት በኋላ የራሷን ማሳ ታርማለች። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ አንድ የአፈር ባለሙያ አለ፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ዓይነት ሰው። አፈሩን በውሃ በጥብጦ የጨው መለኪያውን ይነክርበታል፣ ቁጥሩን ይጽፋል። እሷ ጠረጴዛውን ስትወለውል ከተረፈው አፈር ቆንጠር አድርጋ ትቀምሳለች፣ ከዚያ ቁጥሩን ሰረቅ አድርጋ ታያለች። ዓመት ሳይሞላ ምላሷና መለኪያው ተስማሙ። አንድ ቀን የመለኪያው ባትሪ ቢያልቅበት፣ ባለሙያው እንደ ማፈር እያለ «እትዬ፣ እስቲ ይቺን ይቅመሱልኝ» አላት። ቀመሰች፣ ቁጥሩን ነገረችው። በማግስቱ ባትሪ ተገኝቶ ሲለካ ያለችው ሆኖ ቁጭ አለ። ከዚያ ወዲህ አፈር ሊያይ ሲወጣ ያለ እሷ አይወጣም።

ግድግዳውም አስተማሪዋ ነበር። የቢሮው ግድግዳ ከመሠረቱ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱ ወደ ላይ ሄዶ ሄዶ በሚደርቅበት ልክ ነጭ ነገር ያወጣል። ዛሬ ብትወለውለው ነገ ይመለሳል። ሌላ ሰው ቢሆን ረግሞት ይሄድ ነበር። እሷ ግን እርጥብ ጨርቋን እንደያዘች ቆማ አሰበች። ጨው ከውሃ ጋር ይወጣል፤ ውሃው የሚደርቅበት አናት ላይ ሲደርስ ይቀመጣል። ታዲያ እኛ ስንዴውን የምንዘራው የት ነው? በቦዮቹ መሐል ከፍ ብሎ በተሠራው መደብ አናት ላይ! ጨዉ ጉብ ካለበት ላይ! በዚያው ዓመት ዘሯን ከአናት አውርዳ በመደቡ ትከሻ ላይ ዘራች። ግማሹ ሞተ፣ ግማሹ ቆመ። ለዚያ መሬት ግማሽ ማለት ጉድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሰው ዘር የሚያስቀረው ከየት ነው? ከደህናው ማሳ፣ ከወፍራሙ ዛላ። ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው፣ ማንም አይከራከርም። ቀማሽ ግን አዝመራ ሲደርስ ደህናውን ሁሉ ትታ ወደ ነጩ ጥግ ትሄዳለች፤ ሁሉ ሞቶ ሦስት አራት አገዳ ብቻ ከቀረበት። እዚያ የቆመው ስንዴ ከጉልበት አይበልጥም፤ ዛላው ኮስማና ነው፣ ፍሬው የተጨማደደ። ያንን ትለቅማለች። «እዚህ ላይ ቆሞ ፍሬ የያዘ፣ ሌላው የማያውቀውን ያውቃል» ትላለች። የመጀመሪያው ዓመት ለቀማ የክኒን ፖስታ አልሞላም። በሁለተኛው ዓመት አንዲት ጣሳ ሆነ፣ በሦስተኛው አንድ ባልዲ። በአራተኛው ጨዉ በረታና ወደ ጣሳ ተመለሰ፤ ያን ዓመት ማንም ያላያት መስሏት ስታለቅስ መካኒኩ በመስኮት አይቷታል። እንደገና ጀመረች። በዘጠነኛው ዓመት ዘሩ ሁለት ጆንያ ሞላ።

ወሬ ሳያወራ የማያድር፣ «ሬዲዮ» የሚባል ጎረቤት አላቸው። በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «እትዬ ቀማሽ፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆነብሽ እኮ!» ይላታል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ትለዋለች። «እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ እኛ በእግራችን ከዚህ እንሄዳለን!» ይላታል።

እሷም አብራ ትስቃለች። መካኒኩ ግን አይስቅም፤ ስለ እሷ ያፍር ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሚስቱን ይወዳታል፤ ለጉንፋኗ እንኳ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ነው። ነገር ግን ኮስማና ነገር አይወድም። ሱቁን ብታዩት፣ ብሎኑ በቁጥር በቁጥሩ፣ ዳዶው በጣሳ በጣሳው ተደርድሯል፤ የተጣመመ ሚስማር እዚያ ቤት አያድርም። በሰፈሩ «መካኒኩ ካለ አለ ነው» ይባልለታል። እና ያንን የተጨማደደ ዘር ባየ ቁጥር ፊቱን አዙሮ ወደ ብሎኖቹ ይመለሳል።

በዚያው በዘጠነኛው ዓመት የውሃ ኮሚቴው ስብሰባ ጠራ። ሰብሳቢው ቁርጥ ያለ ሰው ነው። «የታችኛው ማሳ ውሃ ይጠጣል፣ ጠብ የሚል ነገር የለውም» አለ። «ወደ ታች የሚወርደው ቦይ መዝጊያ ይዘጋ። ውሃው ለላይኞቹ ይሁን። መሬቱን ለጡብ የሚፈልገው ፋብሪካ አለ።» አሥራ ዘጠኙ አባወራ አንገታቸውን ደፉ። የት ይሄዳሉ? ቤታቸው እዚያው፣ ልጆቻቸው እዚያው፣ የሞቱባቸውም እዚያው። ቀማሽ ተነሣች።

«ጋሼ፣ አንድ አዝመራ ይስጡን» አለች። «መሐል ያለውን አንድ ሄክታር እዘራዋለሁ። ካልያዘ መዝጊያውን ራሴ እዘጋዋለሁ።»

ሰብሳቢው ወዲያ ወዲህ ተመለከተና «አንድ አዝመራ። ከዚያ በኋላ ልመና የለም» አለ።

ሰዉ ከዚያን ቀን ጀምሮ ወገቡን አሠረ። በማሳው ዙሪያ ጥልቅ የማፍሰሻ ቦይ ቆፈሩ፤ ሬዲዮ እንኳ ወሬውን ትቶ አካፋ ያዘ። መሬቱን በአንድ ጊዜ በውሃ ሞሉት፣ ጨዉ ታጥቦ በማፍሰሻው ወጣ፤ ደግመው ሞሉት። ቀማሽ በየጥጉ እየቀመሰች «ገና ነው» ትላለች። በመጨረሻ «ይበቃል፤ ሙልጭ ብሎ አይወጣም፣ የቀረውን ዘሩ ይችለዋል» አለች። ሊዘሩ ሳምንት ሲቀራቸው ባለሙያው የሌላ መስኖ አፈር ሊያይ ሲሄድ ለሦስት ቀን አስከትሏት ሄደ።

ሦስት ቀን! መካኒኩ ለብቻው ከሁለቱ ጆንያዎች ጋር ቀረ። ከፍቶ አየ። እጁን ከቶ አወጣ። ያ የተጨማደደ ነገር መዳፉ ላይ ቁጭ አለ። የኮሚቴው ሰዎች ሊመጡ፣ የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ሊመጡ፣ ሚስቱ ይህንን ይዛ ልትቆም! ጆንያዎቹን ጋሪ ላይ ጫነና ወፍጮ ቤት ወሰዳቸው። ባለወፍጮው የሞተሩን ቺንጋ የቀየረለት እሱ ስለሆነ ውለታ አለበት። ከላይኛው ማሳ የመጣ ወፍራም፣ እንደ ዶቃ የሚያብረቀርቅ ስንዴ ሁለት ጆንያ ሰጠው፤ ኮስማናውን ለዱቄት ተቀበለ። መካኒኩ እያፏጨ ተመለሰ። እስከዚህ ድረስ ደስ ብሎት ነበር፣ ምን ልበላችሁ!

በሦስተኛው ቀን ቀማሽ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ «ነይ እስቲ» ብሎ እጇን ይዞ ወሰዳት። «ያንን ኮስማና ነገር ገላገልኩሽ!»

እጇን እስከ ክንዷ ጆንያው ውስጥ ከተተች። ያወጣችውን ፍሬ በጣቷ ገላበጠችው። «የኔው የት አለ?»

«ወፍጮ ቤት።»

መሬት ላይ ቁጭ አለች። ብትጮህበት፣ ብትሰድበው በወደደ ነበር። አልጮኸችም። «ዘጠኝ ዓመት» አለች። ነገሩ ለመካኒኩ የገባው ያን ጊዜ ነው። ፊቱ አመድ መሰለ። የሥራ ሽርጡን እንዳገለደመ ወጥቶ ሮጠ። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ጉልበቱን ያመዋል፤ ግን ሮጠ።

ባለወፍጮው እስከ ቅንድቡ ዱቄት ለብሶ፣ «ምነው፣ በሰላም ነው?» አለው። አንደኛው ጆንያ ጠዋት ተፈጭቶ አልቋል፤ ዱቄቱ ገና ለብ ያለ ነበር። ሁለተኛው አፉ ተፈትቶ ወፍጮው አጠገብ ተራውን ይጠብቃል። መካኒኩ ጆንያውን እንደ ሰው አቀፈው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ያልፈሰሰውን ግን በትከሻው ተሸክሞ ተመለሰ። መንገድ ላይ ጋሪ የሚሰጥ ቢያገኝም እንቢ አለ።

ጎረቤቶች ወሬው ደርሷቸው ግቢው ውስጥ ተሰብስበው አገኛቸው። «ግማሹ ዘር ጠፋ አሉ፤ ማን ነው የጨረሰን?» ይላሉ፤ ዓይናቸው ደም ለብሷል። መካኒኩ ጆንያውን ከትከሻው አወረደ። ቀማሽ ቀድማ «ነቀዝ ነው» አለች። «እኔው ነኝ በደንብ ያላስቀመጥኩት። ቅሬታ ካላችሁ በእኔ ነው።» እየረገሟት ተበተኑ። እሱ አጠገቧ ቆሞ ሲረግሟት ሰማ፤ አፉን መክፈት ግን አቃተው። ካለ አለ ነው የሚባልለት ሰው!

የተረፈው ዘር ለግማሽ ሄክታር እንኳ በጭንቅ ነው የሚበቃው። በእጅ አይበተንም፤ አንድ በአንድ፣ በመደቡ ትከሻ ላይ፣ እንደ መርፌ ሥራ። አባወራዎቹ ከነሚስቶቻቸው ተንበርክከው ሊዘሩላት ተስማሙ። ለቀረው ግማሽስ? መካኒኩ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «ያ ወፍራሙ አለ፤ ባዶ ከሚቀር…» አለ። «ዝራው» አለችው። «ግን ራስህ ዝራው፣ ራስህ አርመው። በየትኛው ጎን እንደምትዘራም አንተው ምረጥ።»

እዚህ ላይ የሰው ልብ እንዴት እንደሆነ ተመልከቱ። መካኒኩ የእሱ ዘር እንዲይዝ ተመኘ። ከያዘ ጥፋቱ ጥፋት አይሆንማ! ማንም ሳያየው ማሳው መሐል ገባና ጎንበስ አለ፤ ከአንዱ ጎን ቀመሰ፣ ተፋ፤ ከሌላኛው ቀመሰ፣ ተፋ። ፊቱ ጭምድድ አለ። ጨዉ ቀለል ያለውን ጎን ለራሱ ወሰደ። ባልና ሚስት ጎን ለጎን ዘሩ፤ በአንድ ቀን፣ በአንድ ውሃ።

ወፍራሙ ቀድሞ በቀለ። ለምለም፣ እኩል የቆመ፣ ደስ የሚል! ሬዲዮ በአጥሩ ላይ «መካኒኩ በለጣት!» ብሎ አወጀ። የእሷ ቀጭን ዘር ቀስ እያለ፣ አንዱ ዛሬ አንዱ ከነገ ወዲያ ብቅ አለ። በአምስተኛው ሳምንት የወፍራሙ ጫፍ ቡናማ ሆነ። መካኒኩ አረመው፣ ኮተኮተው፣ ጠዋት ማታ እየሄደ ቆመለት። በስምንተኛው ሳምንት ቢጫ ሆነ፤ በአሥረኛው ተኛ። ቀጭኑ እዚያው ነው። ከጉልበት አልፎ ወገብ ደረሰ፣ ዛላ አወጣ፣ ፍሬ ያዘ።

አዝመራው ሲደርስ ኮሚቴው መጣ። አሥራ ዘጠኙ ቤተሰብ በማሳው ዳር ተደርድሯል። ሰብሳቢው በአንድ በኩል የቆመውን ስንዴ፣ በሌላ በኩል የወደቀውን ገለባ አየ። ሞኝ ሰው አይደለም።

«ስንዴው ጥሩ ነው» አለ። «ግን እኔን አታታልሉኝም። ይህች ሴት አፈር ቀምሳ የምታውቅ ናት። ደህናውን ጎን መርጣ የራሷን ዘራችበት፤ ክፉውን ጎን ለማነጻጸሪያ ተወችው። ይህ የዘር ጉዳይ አይደለም፣ የምላስ ጉዳይ ነው። በመጪው ዓመት ሁሉም ቦታ ላይ ሲዘራ ያው ይሞታል። መዝጊያው ይዘጋል።»

ቀማሽ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። ምን ትበል? ጎኑን የመረጠው ማን እንደሆነ ብትናገር፣ ያኛው ዘር ከየት መጣ ይባላል፤ ነቀዙም ይወጣል። ባሏን ልታዋርደው ነው። ዓይኗ ውሃ ሞላ። ዘጠኝ ዓመት የለቀመችው፣ አሥራ ዘጠኝ ቤት፣ ሁሉም በዚያች ዝምታ ላይ ቆሟል፤ እሷ ግን ስለ ባሏ ዝም አለች።

መካኒኩ ያንን አየ። ሽርጡን ፈታና ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ከተተ፤ ለምን እንዳደረገው እሱም አያውቅም። ወደ መሐል ገባ።

«ጋሼ፣ ጎኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ» አለ። «ደህናውን ጎን ለራሴ ነው የወሰድኩት። ቀምሼ ነው የወሰድኩት። የሞተው ዘር የእኔ ነው። እናንተም ስሙኝ፣ ነቀዝ የሚባል ነገር አልነበረም። ዘሯን እሷ በሌለችበት ወፍጮ ቤት ወስጄ የለወጥኩት እኔ ነኝ። ቀጭን ነው ብዬ አፍሬበት። ዘጠኝ ዓመት አንድ ቤት ውስጥ ኖሬ፣ አንድም ቀን አላመንኳትም። ስትሰደብ ቆሜ ሰማሁ። ይኸው ነው።»

ከኮሚቴው ጋር የመጣው የአፈር ባለሙያ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ፣ ከሁለቱም ጎን አፈር ወስዶ በጠበጠ፤ መለኪያውን ነከረ። አንዱን አነበበ፣ ሌላውን አነበበ። «ጨዉ የሚበዛው ስንዴው ከቆመበት ጎን ነው» አለ። «በብዙ ይበልጣል።»

ሰብሳቢው ቁጥሩን ራሱ ተቀብሎ አየ። አንድ ዛላ ቆረጠ፣ በመዳፉ አሻሸ፣ ፍሬውን አንድ በአንድ ተመለከተ። ከዚያ ወደ ቀማሽ ዞሮ ባርኔጣውን አወለቀ። «መዝጊያው ክፍት ይሆናል፤ ፋብሪካው ሌላ መሬት ይፈልግ» አለ። ሰዉ እልልታውን አቀለጠው። የረገሟት ሰዎች ጉልበቷን ሊስሙ ተሻሙ፤ «ኧረ ተነሡ፣ ስንዴውን ትረግጡብኛላችሁ!» እያለች አባረረቻቸው።

መካኒኩ ከሰዉ ተለይቶ በራሱ ጎን፣ በሞተው ገለባ መሐል ቆሟል። ማን አይቶት! ቀማሽ ግን አየችው። መጣች። ይቅርታ ሊጠይቃት አፉን ሲከፍት አለፈችውና በእሱው ጎን ወዳለው ነጭ ጥግ ሄዳ ተንበረከከች፤ ገለባውን በእጇ ትገልጥ ጀመር።

«ምን ጠፋብሽ?» አላት።

ቆይታ አራት አገዳ ቆርጣ ተነሣች፤ አጫጭር፣ ኮሳሳ፣ ዛላቸው ላይ ጥቂት ፍሬ ያለባቸው። ያ ሁሉ ወፍራም ዘር ሲያልቅ እነሱ አልሞቱም። መዳፉን ዘርግታ አስያዘችው።

«እነዚህ ያንተ ናቸው» አለችው። «እኔ የጀመርኩት ከዚህ ባነሰ ነው።»